ከግንባታ ሥራ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ

ከአሥር ዓመት በላይ በአዲስ አበባ በሕንፃ ግንባታ መሐንዲስነት ከሠራሁ በኋላ፣ ዘላቂ ልማትን በሁለተኛ ዲግሪ ለማጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመልሻለሁ። ቀን ሳይት ውሎ ማታ ክፍል መግባት፣ በተለይ ልጆች ላሉት ሰው፣ አድካሚ ነው። ሆኖም ስንት ዓመት ሳዝዘው የኖርኩትን ሲሚንቶ በሚገባ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

የሲሚንቶ ምርት ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ብዙዎቻችን ጥፋቱ የነዳጁ ይመስለናል፤ ነገር ግን ከዚህ ልቀት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር መሰል ነገር) ለመሆን በእቶን ሲቃጠል ከራሱ ከድንጋዩ የሚወጣ በመሆኑ፣ እቶኑን በንጹሕ ኃይል ማንደድ ብቻውን ችግሩን አይፈታም። ስለዚህ ክሊንከሩን ራሱን መቀነስ ያስፈልጋል። ለዚህም ስምጥ ሸለቆአችን ፑሚስ የተባለውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አድሎናል፤ ከክሊንከር ጋር ተፈጭቶ ፒፒሲ የምንለውን ሲሚንቶ ለመሥራት ያገለግላል። ኤልሲ3 የተባለው አዲስ ቅይጥ ደግሞ ክሊንከሩን ወደ ግማሽ ያወርደዋል፤ ቀሪው 30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ፣ 15 በመቶ ጥሬ የኖራ ድንጋይና 5 በመቶ ጂፕሰም ነው።

ፒፒሲ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬው ዘግይቶ ስለሚመጣ ሥራ ተቋራጮች ኦፒሲን፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ከክሊንከር ብቻ የሚሠራውን መደበኛ ሲሚንቶ፣ ይመርጣሉ። ለምሶሶና ለወለል ስጋታቸው ይገባኛል፤ ለልስንና ለግንብ ግን ኦፒሲ መጠቀም፣ በእኔ እምነት፣ ያለ በቂ ምክንያት የሚፈጸም ብክነት ነው። የመመረቂያ ጥናቴንም በዚሁ ላይ ለመሥራት አስቤአለሁ።