«እሳት ሙቁ»

ኅዳር ገብቶ የደብረ ብርሃን ሣር ማለዳ ማለዳ ውርጭ ለብሶ ነጭ ይላል። ኦርቶዶክሱና ጴንጤው ዘመድ ቡና ላይ ሲገናኝ ደግሞ ያው የድነት ክርክር ይነሣል፦ ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ ነው ወይስ ሥራም ያስፈልገዋል? ጴንጤው «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋል» የሚለውን ኤፌሶን 2፥8ን ይመዛል፣ ኦርቶዶክሱ ሰው በሥራም እንደሚጸድቅ የሚናገረውን ያዕቆብ 2፥24ን። ቶናው ሳይቀዳ ድምፅ ከፍ ይላል።

የሚያሳዝነኝ ሁለቱም ጥቅስ እንጂ ምዕራፍ ይዘው አለመምጣታቸው ነው። ጳውሎስና ያዕቆብ የሚጠቅሱት አንድ ቃል ነው፤ ዘፍጥረት 15፥6፣ «አብራምም በእግዚአብሔር አመነ፥ ጽድቅም ሆኖ ተቈጠረለት»። ስለዚህ ንባቡ ከዚያ ይጀመር፤ ዕድሜም እየተቆጠረ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነው፣ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ሲገረዝ 99። ያ ቃል የተነገረው ከእስማኤል ልደት በፊት ነውና ግርዘቱን ቢያንስ በ13 ዓመት ይቀድማል። ጳውሎስ ሮሜ 4 ላይ አጥብቆ የሚይዘው ይህንን ነው፦ ጽድቅ ሲቆጠርለት ገና አልተገረዘም። ያዕቆብ ግን ወደ ዘፍጥረት 22 ይሻገራል። ይስሐቅ እንጨት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ ልጅ ሆኗል፤ የያዕቆብም ጥያቄ ያ የቀደመው እምነት ፍሬ አፍርቷል ወይ ነው።

ሰው በእምነት እንደሚጸድቅ በሚናገረው በሮሜ 3፥28 ላይ «ብቻ» የምትል ቃል የለችም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ማርቲን ሉተር በ1522 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ትርጉሙ የጨመራት ናት። «በእምነት ብቻ» የተጻፈው ያዕቆብ 2፥24 ላይ ነው፣ ያውም «ሳይሆን» ተከትሎት። ይህን ጴንጤው ወገን ሊሰማው ይገባል። ኦርቶዶክሱ ወገን ደግሞ «ማንም እንዳይመካ ከሥራ አይደለም» የሚለውን ኤፌሶን 2፥9ን ሊዘልለው አይችልም። ቁጥር 10 ላይ «መልካሙን ሥራ ለማድረግ» መፈጠራችን ተጽፏል፤ እዚያ ድረስ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ሌላው የሚያጣላው ግሥ ነው። «ድኛለሁ» ያለ ትዕቢተኛ፣ «እድናለሁ» ያለ እምነት የጎደለው ይባላል። ጳውሎስ ሁሉንም ብሏል፦ ኤፌሶን 2፥8 ላይ «አድኖአችኋል»፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 1፥18 ላይ «ለእኛ ለምንድን» (እየዳንን ላለነው ማለቱ ነው)፣ ሮሜ 5፥9 ላይ «እንድናለን»።

የሥራን ትርጉም የሚፈልግ ከያዕቆብ 2፥24 በፊት ቁጥር 15ንና 16ን ያንብብ። ራቁቱን ላለና ለራበው ወንድም «በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም» ብሎ ምንም ሳይሰጡ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። ለሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም። በዚህ ውርጭ ያዕቆብ ሥራ የሚለው ኩበቱ ነው፣ ጋቢው ነው፣ እንጀራው ነው።