ጋሽ ተሰማ «ሞቱ» ወይስ «ሞተ»?

ሰሞኑን የማነባቸው አጫጭር ልብወለዶች ላይ በጣም የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ዲያሎጉ ቆንጆ ነው፣ የሰፈር ልጁ እንደ ሰፈር ልጅ ያወራል፣ አሮጊቷ እንደ አሮጊት ይመርቃሉ፣ ከዛ ጥቅሱ ይዘጋና ተራኪው ሲቀጥል በቃ ሁሉም አንድ ሰው ይሆናሉ፣ ዜና አንባቢ ዓይነት። «በሦስተኛ መደብ ስለምጽፍ ድምፁ የኔ ነው» የሚሉኝ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። ገጸ ባህሪውን ይበልጥ የሚያወጣው እኮ ከጥቅሱ ውጪ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፣ እዛ ጋ ይሉኝታ የለበትማ።

እስቲ አንድ ለቅሶ ቤት እናስብ። ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ሰው ሞተው ሦስት ሰው ድንኳኑ ውስጥ ይገባል።

እትዬ ዘነቡ፦ ድንኳኑ አሮጌው ነው። እድሩ አዲስ ገዝቶ የለም እንዴ፣ ለማን ሊሆን ነው? ንፍሮውም ገና ነው፣ ተሰማ ቤት እኮ እንኳን በገብርኤል ዝክር በአዘቦቱም ሰው ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም።

የታክሲ ረዳቱ ቢኒ፦ ሞልቷል። ጠጋ ጠጋ ቢሉ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል። ጋሽ ተሰማ ሁሌ ጋቢና ነበር የሚቀመጡት። መልስ ጠይቀውትም አያውቁም።

ባንክ የምትሠራው ሄርሜላ፦ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገብታ፣ ማን አጠገብ እንደምትቀመጥ ጠፍቷት፣ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሲነዝር ሰምታ፣ ሳይለንት አድርጌው አልነበር እንዴ ብላ፣ የሰው ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ያረፈ መስሏት እዛው በሩ ላይ ቆመች።

ማንም አፉን አልከፈተም፣ ግን ሦስቱ አይምታቱም። እትዬ ዘነቡ ጊዜን በታቦት ነው የሚቆጥሩት፣ ቢኒ ቦታን በወንበር ይለካል፣ ሄርሜላ ጋ ደግሞ ሥራውን የሠራው ቦዝ አንቀጹ ነው፣ ገብታ ጠፍቷት ሰምታ እያለ ይደረደርና ማሰሪያው ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢውም አብሯት ትንፋሹን ይይዛል፣ ለጭንቀታም ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አማርኛ ውስጥ አላውቅም። ይሄንኑ ለቢኒ ብትሰጡት ቢኒ ይጠፋል።

ትልቁ መሣሪያችን ግን አንቱታው ነው፣ እሱን ነው አብዛኛው ጸሐፊ የሚያባክነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ «ጋሽ ተሰማ አሉ» ካለ እስከ መጨረሻው «አሉ» ነው። ለምን? ቢኒን ተጠግቶ ሲተርክ «ይቀመጡ ነበር» ይበል፣ እትዬ ዘነቡ ጋ ሲሄድ አብሯቸው ያደገ ጎረቤት ነውና «ተሰማ» ብቻ ይበቃል። አሁን ደግሞ አማቹ ይግባ። «ነፍሳቸውን ይማር» ይላል ለሰው፣ ይጎነበሳል፣ ቀጥሎ ተራኪው፦ በመጨረሻ ሞተ። የቤቱን ካርታ ሳያዞርለት ሞተ። በአፉ አንቱ፣ በልቡ አንተ። የሁለት ቤተሰብ ቂም በአንድ ግስ ገባ፣ ማብራሪያ ምናምን አያስፈልገውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ቋንቋችን በነጻ ሰጥቶን አለመጠቀም ያሳዝነኛል።

«ተራኪው ሽማግሌ ደፈረ» የሚል አንባቢ ሊመጣ ይችላል፣ ይምጣ። እንደ ፈረንጆቹ በ1857 ፈረንሳዊው ደራሲ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» የሚለውን ልብወለድ ጽፎ ፓሪስ ፍርድ ቤት ሲቆም ዓቃቤ ሕጉ የገጸ ባህሪዋን ሐሳብ የደራሲው አድርጎ ነው ያነበበው፣ እሱም በነጻ ተለቀቀ። ሰው ግራ ይገባዋል ብሎ ሁሉንም ገጸ ባህሪ ጨዋ ማድረግ ግን ልብወለዱን ይገድለዋል።

ዕቃም እንደዛው ነው። ጀበናውን የሚወዱት እትዬ ዘነቡ ጋ «ይቺ ጀበና» ትባላለች፣ ለአማቹ «ጀበናው» ነው፣ ቤቱም እንዲሁ፣ ላደገባት «ቤቷ» ሊሸጠው ለሚፈልገው «ቤቱ»።

አንድ የምፈራው ግን አለ፣ ድምፅ ማለት የአራዳ ቃል መርጨት የሚመስላቸው አሉ። ቢኒ አንቀጽ ውስጥ አምስት «ፍሬንድ» ብትከቱ ቢኒ አይሆንም፣ ወንበር መቁጠሩን ካልተዋችሁ ግን ንጹሕ በሆነ አማርኛም ቢኒ ነው። ረቂቃችሁን ስትጨርሱ ስሞቹንና ዲያሎጉን ሸፍናችሁ ለሆነ ሰው አስነብቡት፣ ይሄኛው ፓራግራፍ ማን ጋ ነው ብላችሁ ጠይቁት፣ ካልለየው እዛ ፓራግራፍ ላይ ገና ሥራ አለ ማለት ነው።