ሞተሩ ከጀርባ፣ ራዲያተሩ ከፊት

ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ወደ 1300 ሜትር ይጠጋል። 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 15 ሜጋጁል አካባቢ ነው። አብዛኛውን ሞተሩ በከባድ ማርሽ ይይዘዋል፣ ነፋሱና ጎማው ይካፈሉታል፤ ፍሬን ላይ የሚወድቀው ቀሪው ብቻ ነው። ያው መኪና የእሽቅድምድም ሜዳ (ትራክ) ላይ ከ160 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንድ ጊዜ ሲያዝ 0.9 ሜጋጁል ያህል ፍሬኑ ይውጣል፣ ያውም በጥቂት ሰከንድ። እንዲህ 17 ጊዜ ያዘ ማለት የዓባይን ቁልቁለት ማርሽ ሳይረዳው በፍሬን ብቻ ወረደ ማለት ነው። አንድ ዙር 5 ከባድ መያዣ ካለው፣ አራተኛው ዙር ሳያልቅ ድልድዩ ጋ ደርሷል።

ይህን ሒሳብ የማነሣው ውጭ አገር ያሉ የዘመድ ልጆች አሮጌ ቶዮታ ኤምአር2 ወይም ፖርሽ ቦክስተር ለትራክ ለመግዛት ሲያስቡ የሚጠይቁት ሌላ ስለሆነ ነው። «ጋሼ፣ ቱርቦ ያለውን ልግዛ ወይስ የሌለውን?» ይላሉ። ስለ ፍሬን ዘይት የሚጠይቅ የለም። መኪናው እንግዲህ እዚያው ይቀራል፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለተከለከለ ደብረ ማርቆስ ላይ የምናየው አይመስለኝም። ሞተሩ ግን ለጎጃም ጋራዥ እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው ራቭ 4 ላይ ያለው 3ኤስ ከሁለተኛው ኤምአር2 ሞተር ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። የሦስተኛው ኤምአር2 1ዜድዜድ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2000ዎቹ ኮሮላ 1.8 ሞተር ነው። ልዩነቱ ያለው አቀማመጡ ላይ ነው፤ ሞተሩ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ተሸጉጧል። አባዱላ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠ ሰው የታፈነ ሞተር ምን ያህል እንደሚያግል ያውቃል። እዚህም ሙቀቱ ያው ነው፣ ራዲያተሩ ግን መኪናው አፍንጫ ላይ ነው የቀረው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የውሃው መንገድ ነው። ከሞተሩ እስከ ራዲያተሩ ሁለት ረጃጅም የብረት ቱቦዎች በወለሉ ሥር ያልፋሉ። የሚዝጉት ከውጭ ነው፣ በተለይ ማቀፊያ ብረቱ በያዛቸው ቦታ፤ ጭቃና ጨው እዚያ ይጠራቀማል። መኪናውን አንሥቶ እያንዳንዱን ማቀፊያ በመብራት ማየት፣ ዙሪያውን በጣት መጫን ያስፈልጋል። የተላጠ ቀለምና ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ውሃ ማዣት ጀምሯል። የኤምአር2 ሁለቱ የቀደሙት ትውልዶች ከ12 ሊትር በላይ ማቀዝቀዣ ውሃ (ኩላንት) ይይዛሉ፣ የኮሮላን እጥፍ ማለት ነው። የረጅም ቱቦ ሌላው ጣጣ አየር ነው። ኮሮላ እንደሚሞላው ከላይ አፍስሶ መዝጋት አይሠራም። በሁለተኛው ትውልድ ላይ ራዲያተሩና የማሞቂያው መስመር ከፊት የየራሳቸው የአየር ማስወጫ አላቸው፤ በሁለቱም ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ተሰክቶ ጫፉ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የማሞቂያው መዘውር እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ ይደረጋል። ከዚያ በሞተሩ በኩል ባለው አፍ ቀስ እየተባለ ይሞላል፣ በቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ አረፋ ትቶ ከመሙያው አፍ ጋር እኩል እስኪቆም። ማስወጫዎቹ ከተዘጉ በኋላ ሞተሩ ይነሣል፣ የራዲያተሩ ቬንትሌተር እስኪዞር ይጠበቃል፣ የጎደለው ይሟላል። ይህን ያላወቀ መካኒክ የነካው መኪና መንገድ ላይ ምንም ሳይል ይኖርና ትራክ ላይ በሦስተኛው ዙር የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ያቃጥላል። ሙቀት መለኪያውም አያስጠነቅቅም፤ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ከዋለ የሚያነበው የውሃውን ሙቀት አይደለም።

የውሃ መሙያውን ክዳን ነገር እኛ ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ቶሎ እናስበዋለን። ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ንጹሕ ውሃን በባሕር ወለል እስከ 118፣ እዚህ ደግሞ እስከ 114 ዲግሪ ሳይፈላ ያቆየዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ያንን ግፊት አይይዝም። የመለዋወጫ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚህ ሳይፈተሽም አዲስ ይግባ።

ጓርኒሲዮኑ ቀድሞ የሄደ እንደሆነ የሚታወቀው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ነው። የውሃው ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሣ ያለማቋረጥ አረፋ ከወጣ ወይም የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ዝቃጭ ካለ መኪናው አይገዛም። ከዚያ ኮምፕሬሽን ይለካል፤ ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ። ከቁጥሩ ትልቅነት በላይ የሚያሳስበው ልዩነቱ ነው፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ አልቋል፣ ካልተነቃነቀ ችግሩ ቫልቩ ላይ ነው።

ሦስተኛው ትውልድ ኤምአር2 (እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007) ሌላ ጉድ አለው። የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ካታሊስቶች (የጭስ ማጥሪያዎች) አሉ። የቀደሙት ዓመታት 1ዜድዜድ ዘይት ይበላል፣ ምክንያቱም ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብና ጥቂት ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ። የተቃጠለው ዘይት ካታሊስቱን ይሰባብራል፤ የሴራሚኩ ፍርፋሪ ወደ ሲሊንደሩ ተመልሶ ይገባና ግድግዳውን ይፍቃል። ከዚያ ሞተሩ ይብስ ዘይት ይበላል። ማኒፎልዱ ላይ ያሉትን ሁለቱን የኦክስጅን ሴንሰሮች ፈትቶ በቀዳዳቸው በትንሽ መብራት ማየት ነው። የካታሊስቱ ቀዳዳ ቀዳዳ ሳይሰበር ሙሉ ሆኖ ከታየ ደህና ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈ ወይም ባዶ ከሆነ ግን «ፍርፋሪው የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሻጩ አስቀድሞ አውጥቶት ከሆነ መቼ እንዳወጣው ይጠየቅ፣ ከመሰበሩ በፊት ወይስ በኋላ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 3.7 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር የጎደለበት ኮፓ (የዘይት መያዣ) ረጅም ማዞሪያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ ፖምፓው አየር ይስባል፣ ብሮንዚኖቹም (የሞተሩ ዘንግ ማረፊያዎች) ያን ጊዜ ይሄዳሉ። ስለዚህ በየመውጫው ዘይት ይለካል፣ ደረጃውም ከላይኛው ምልክት አይወርድም።

ቦክስተርን በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2004 የወጣው ርካሽ የሆነው ሰው ስለሚፈራው ነው፣ ፍርሃቱም ከመሬት የተነሣ አይደለም። ሞተሩ ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዘንግ ኩሽኔታ ሲሰበር ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ያለበት ቦታ ከቮላኖው ጀርባ ስለሆነ ካምቢዮው ሳይወርድ አይነካም፤ ፍሪሲዮን ሲቀየር አብሮ መቀየር የሚባለው ለዚህ ነው። ከመግዛት በፊት የዘይት ማጣሪያው ወረቀት ተቆርጦ ተዘርግቶ ይታይ። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንጣሪና የጥቁር ፕላስቲክ ቁራጭ ያለበት ማጣሪያ ወሬውን ጨርሷል። ማግኔትም ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ ፍንጣሪው ከተያዘ ብረት ነው፣ ካልተያዘ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ራዲያተሮቹ ፊት ለፊት በሁለቱ ጥጎች ስላሉ ቅጠል ይውጣሉ፣ እርጥቡ ቅጠልም አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ወደ ፍሬን ልመለስ። ዶት 3 ደረቅ ሳለ 205፣ እርጥበት ሲጠጣ 140 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ዶት 4 230 እና 155፤ ዶት 5.1 260 እና 180። እነዚህ ደረጃው የሚጠይቃቸው ዝቅተኛ ቁጥሮች ናቸው፣ የተሻለ ዘይትም አለ። ሁለት ዓመት ማሰሮው ውስጥ የቆየ ዘይት በሁለተኛው ቁጥር ይታሰብ። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ይነካል። ሸራው ሲያቅተው ግን ፔዳሉ እንደ ጠነከረ ይቀራል፣ መኪናው ነው የማይቆመው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሸራ መቀየር ሲገባው ዘይት ይቀይራል። ሜዳ ከመግባት በፊት ሁለቱም አዲስ ይሁኑ። ከሜዳ ሲወጣም አንድ ዙር ያለ ፍሬን ቀዝቀዝ ብሎ መንዳት፣ ቆሞ የእጅ ፍሬን አለመሳብ።

አነዳዱ ላይ ብዙ አልልም። ከመኪናው ክብደት ከግማሽ በላይ ኋላ ነው፤ ማዞሪያ መሃል ነዳጅ በድንገት ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀልለዋል፣ ጭራው ይዞራል። ክብደቱ መሃል ላይ ስለተከማቸ መዞር ከጀመረ ፈጣን ነው። ቶዮታ ሁለተኛውን ትውልድ ኤምአር2 እ.ኤ.አ. በ1992 የኋላ እግሩን ጂኦሜትሪ ቀይሮ፣ ጎማውንም አስፍቶ አረጋጋው፤ ምርጫ ካለ ከዚያ ወዲህ ያለው ይገዛ። የኋላ እግሩ ጎሚኒዎች (ላስቲኮች) ያለቁበት መኪና ሲያዝ ጎማው ወደ ውጭ ስለሚከፈት ጥፋቱን ያባብሰዋል። የፊትና የኋላ ጎማን አንድ ዓይነት ስፋት ማድረግም አይገባም። ጎማው ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ካለ እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ለትራክ አርጅቷል።

ቱርቦ ወይስ ያለ ቱርቦ ለሚለው፣ ለመጀመሪያው ዓመት ያለ ቱርቦ። ቱርቦው ተጨማሪ ሙቀት የሚጥለው ቀድሞውንም ነፋስ ባጣው ቦታ ላይ ነው፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ። ደግሞም ሞተር ተፈልጎ ይገኛል፣ ቦዲ ግን አይገኝም። የኋላ ጎማ ቅስቶች፣ በበሩ ሥር ያሉት የጎን ሳጥኖች፣ በሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ኋላውን የሚሸከመው ሰብፍሬም፤ ዝገቱ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልሎ ቅስቱ ላይ ማንሸራተት፣ ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። ክሪክ የሚገባበት ጠርዝ ተጨፍልቆ ከሆነ አስቀድሞ ያነሣው ሰው ቦታውን አላወቀም፣ ቀለሙ ስለተሰነጠቀም ዝገት ከዚያ ይጀምራል። ጣሪያው የሚነቀል መስታወት የሆነው ውሃ ያስገባል፣ ቦዲውም ይላላል፤ ለትራክ ድፍን ጣሪያ ያለው ይሻላል።

ሻጩ ስለ ነዳጅ ቱቦ ምንም አይናገርም። ሙቀት ያደረቀው ላስቲክ ከወንበር ጀርባ ሲያንጠባጥብ እሳቱ በመስታወት እስኪታይ ድረስ አይታወቅም፤ ሁሉም አዲስ ይሁን፣ ማጥፊያውም እጅ በሚደርስበት ይታሰር። ታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) ያለው ሞተር ከሆነ የተቀየረበት ደረሰኝ ካልታየ አልተቀየረም ተብሎ ይታሰብ። ከተያዘው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው ለዚህ ሁሉ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ዘይት፣ ፍሬንና ጎማ፣ ከዚያ ጎሚኒና ቦል ጆይንት፣ ጉልበት መጨመሩ መጨረሻ ላይ።

ለማየት ሲኬድ በጠዋት ይኬድ፣ ሞተሩም እንዳይነሣ አስቀድሞ ይነገር። ሲደረስ የጭስ ማኒፎልዱ በእጅ ይዳሰስ። ሙቅ ከሆነ ሌላ ቀን ቀጠሮ መያዝ ነው፣ ቀዝቃዛው አነሣስ የሚያሳየው ጭስና ድምፅ አምልጧልና።