18 በመቶ ሲባል ምን ማለት ነው? የተመሳሳይነት ሪፖርት አነባበብ

ለጆርናል የገባ ጽሑፍ በቱርኒቲን ወይም በአይቴንቲኬት፣ ማለትም ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በሚያነጻጽሩ ሶፍትዌሮች፣ ሲፈተሽ የብዙ አርታኢ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በሪፖርቱ ላይ ከላይ በተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፤ ቁጥሩ ከጽሑፉ ስንት በመቶው ከሌሎች ጋር እንደተገጣጠመ ያሳያል። ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ይለፍ፣ ከበለጠ ይመለስ ይባላል። ይህ አሠራር ንጹሑን ደራሲ ያጉላላል፣ የሰረቀውን ያሳልፋል። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው የተገጣጠሙ ቃላትን ነው፤ ስርቆት መሆን አለመሆኑን የሚለየው ሰው ነው።

እኩል 18 በመቶ ያስመዘገቡ ሁለት ጽሑፎችን እንውሰድ። የአንዱ ግጥሚያ ከ18 ምንጮች አንድ አንድ በመቶ እየተለቀመ የመጣ ነው፤ አብዛኛውም ሁሉም ተመራማሪ የሚጽፋቸው የዘዴ ገለጻዎች ናቸው። የሌላው 15 በመቶ ከአንድ ጽሑፍ ብቻ የተወሰደ ነው፤ ያውም ከውይይቱ ክፍል። የመጀመሪያው ምናልባት ምንም አያስጠይቅም። ሁለተኛው ያስጠይቃል። ስለዚህ መታየት ያለበት ትልቁ ነጠላ ምንጭ ስንት በመቶ እንደሆነና ግጥሚያው የትኛው ክፍል ላይ እንዳረፈ ነው።

ሪፖርቱ ሲዘጋጅ የዋቢ ዝርዝሩን ከቆጠራው አውጡ፤ ከ8 ወይም ከ10 ቃል ያጠሩ ግጥሚያዎችንም እንዲተው አድርጉ። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ግን አንዴ አስወጥታችሁ፣ አንዴ አስገብታችሁ አወዳድሩ፤ ሙሉ ገጽ በትምህርተ ጥቅስ የሚከት አለ። የደራሲው የራሱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዩኒቨርሲቲው ማኅደር ሲገጣጠም ደግሞ ምንጩን ለይታችሁ አውጡት። ዜሮ በመቶ ካያችሁ አትደሰቱ፤ የታመነ ጽሑፍም ቢሆን ጥቂት የተለመዱ ሐረጎች አያጣም። ጽሑፉን ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል ገልብጡት፤ ሶፍትዌሩን ለማታለል በነጭ ቀለም የተደበቁ ፊደላት ወይም በላቲን ፊደል ቦታ የገቡ፣ መልካቸው የሚመሳሰል የሲሪሊክ (የሩሲያኛ መጻፊያ) ፊደላት ሊገኙ ይችላሉ።

ትልቁ ችግር ግን በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ፊደል በፊደል ለሚያነጻጽር ፕሮግራም ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሆን ብሎ ያልሰረቀ ሰው እንኳ በራሱ የአጻጻፍ ልማድ ሲገለብጥ ግጥሚያው ይሰበራል። መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት በሁለቱም ጽሑፎች ላይ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነእርባታቸው መቀየር፣ ከዚያም ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ማድረግ፣ ሁለት ነጥብን (፡) በባዶ ቦታ መተካት ነው። ይህም የማይነካው የግስ እርባታ አለ፤ «ስላልተጠቀሙበት» የሚለው «ባለመጠቀማቸው» ሲሆን ሐሳቡ ሳይነካ ግጥሚያው ይጠፋል።

ከዚያም ሶፍትዌሩ የሚያገኘው በመረጃ ቋቱ ያለውን ብቻ ነው። በ1960ዎቹ ታትሞ መደርደሪያ ላይ የቀረ የአማርኛ መጽሐፍ ቢገለበጥ ሪፖርቱ 3 በመቶ ሊል ይችላል። ከእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የመጣም እንዲሁ ሊያመልጥ ይችላል። እዚህ ላይ የሚረዳው የአርታኢው ንባብ ነው፦ የጽሑፉ ቃና በድንገት ሲለወጥ፣ በአካሉ የተጠቀሰ ምንጭ ከዋቢ ዝርዝሩ ሲጠፋ፣ የዋቢዎቹ ቅደም ተከተል ከሌላ ጽሑፍ ጋር አንድ ሲሆን። ከሁሉ የሚጠነክረው ማስረጃ የተገለበጠ ስሕተት ነው፤ የተሳሳተ የኅትመት ዓመት በሁለት ጽሑፎች ላይ እኩል ከተገኘ በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብዳል።

ደራሲ ራሱን የሚጠብቀው ገና ማስታወሻ ሲይዝ ነው። ቃል በቃል የተወሰደውን ወዲያው በትምህርተ ጥቅስ ከትታችሁ የገጹን ቁጥር ጻፉ። በራሳችሁ አባባል ስትጽፉ ምንጩን ዝጉት፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ከፍታችሁ አስተያዩ። ምንጩ እፊታችሁ ተከፍቶ ቃል እየቀያየራችሁ ከጻፋችሁ የዓረፍተ ነገሩ አጥንት የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ጆርናሎችም ፍተሻውን ጽሑፉ ለገምጋሚ ከመላኩ በፊት ያድርጉት። ጥርጣሬ ሲኖር የተገጣጠሙትን አንቀጾች ጎን ለጎን አስቀምጦ ለደራሲው መላክና ማብራሪያ መጠየቅ ይቀድማል። ጥቂት ሐረጎች ከሆኑ ማስተካከልና ምንጭ ማስገባት ይበቃል። ሰፊ ከሆነና መልሱ ካላጠገበ ወይም መልስ ከጠፋ ጉዳዩ ወደ ደራሲው ተቋም ይሄዳል። ታትሞ ከሆነም ኅትመቱ ይሻራል፤ ጽሑፉ ግን ከድረ ገጹ አይሰረዝም፤ መሻሩና ምክንያቱ ተጽፎበት እዚያው ይቆያል፣ ቀድሞ ያነበበው ሰው ተመልሶ ሲመጣ እንዲያየው።