ጀልባዋ ተነሳች! (ከጅማ)

ሰላም ወዳጆች። ስለ ፕላይውድ ጀልባዬ ስትጠይቁኝ ለነበራችሁ ሁሉ፣ ውሃ ላይ ወጥታለችና አሁን በዝርዝር መጻፍ እችላለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ ያደግኩት ሐዋሳ ነው፣ አሁን ሥራዬም ኑሮዬም ጅማ ነው። ልጆች እያለን በእኛ ሰፈር አንድ መካኒክ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ በእጃቸው የሠሯት ትንሽ ሞተር ጀልባ ነበረቻቸው። ከፕላይውድ የተሠራች፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ኋላዋ ላይ ያረጀ ቱ ስትሮክ ሞተር የተገጠመላት። የሐዋሳ ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ይናወጣል፣ ስለዚህ ጋሼ የሚያወጧት በጠዋት ነበር። የምትጭነው እሳቸውንና አንድ ልጅ ብቻ ነው። ተራ እስኪደርስህ ድረስ ዳር ላይ ቆመህ ትቁለጨለጫለህ።

ተራህ ሲደርስ መጀመሪያ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳል። ከፊት ምንም አይታይህም፣ ሞተሩ ያጓራል፣ እሷ ግን ፈቀቅ አትልም። ከዚያ ጋሼ ከኋላ «ወደ ፊት! ወደ ፊት ተጠጋ!» ብለው ይጮሃሉ። ደረትህን ወደ ፊት ስትጥል አፍንጫዋ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ ውሃው ከሥርህ ጣውላውን ታ ታ ታ እያለ ይመታዋል፣ ጉልበትህ ሥር ይሰማሃል፣ በቃ ሄደች። ሰማንያ ትበራለች እያልን እንማማል ነበር። እውነተኛ ፍጥነቷ ምንም ይሁን ምን፣ ከውሃው በአንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ተቀምጦ የሄደ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል።

ጋሼ ለምን «ወደ ፊት» እንደሚሉ የገባኝ አሁን ራሴ መሥራት ስጀምር ነው። የጀልባዋ ርዝመት 2.44 ሜትር ነበር ብዬ በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፣ ምክንያቱም አንድ ሙሉ ፕላይውድ 1.22 በ2.44 ነው፣ እሳቸው ደግሞ ሳይቀጥሉ ነው የሠሯት። ይህን ያህል አጭር ጀልባ ውሃውን እየገፋች ብቻ የምትሄድ ከሆነ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ትያዛለች። እዚያ ፍጥነት ላይ ራሷ የምትፈጥረው ማዕበል ርዝመቱ ከእሷ ርዝመት ጋር እኩል ይሆናል። ትንሽ ስትጨምር ኋላዋ ጎድጓዳው ውስጥ ይሰምጣል፣ አፍንጫዋ ማዕበሉ ጫፍ ላይ ይቀራል፣ ማለትም የራሷን ዳገት እየወጣች ነው። ዳገቱን ካለፈች ግን ውሃው ላይ መንሸራተት ትጀምራለች፣ ያኔ ያው ሞተር ሦስትና አራት እጥፍ ያስኬዳታል። ለማለፍ ወሳኙ ክብደቷና ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ትልቅ ሞተር ፍለጋ ለምትንከራተቱ ወንድሞቼ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፦ መጀመሪያ ጀልባዋን አቅልሏት።

እኔም ከዚያው ተነሳሁ። 6 ሚሊ ፕላይውድ ሙሉው 11 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ስለዚህ ሆዷንም ጎኗንም በእሱ ሠራሁት። ለአጥንቶቿ የተጠቀምኩት ከፈረሰ ቁም ሳጥን የወጣ ዋንዛ ነው። ጅማ ደግሞ የዋንዛ አገር ነው፣ በርጩማውን የማያውቅ የለም። ዋንዛ ቀላል ነው፣ መላጊያ ይቀበላል፣ ከደረቀ በኋላ አይጣመምም። ያገዙኝ አናጺ ዕድሜያቸውን በሙሉ የቤት ዕቃ ሲሠሩ የኖሩ አባት ናቸው፣ ጀልባ ሠርተው አያውቁም፣ ግን መጋጠሚያውን ሲያዩ አንድ ነገር አሉኝ፦ «ልጄ፣ ቁም ሳጥን ሲላቀቅ አየር ነው የሚያስገባው። ይሄኛው ሲላቀቅ ውሃ ነው። ስለዚህ አንቸኩልም።» እውነትም አልቸኮልንም።

ከሁሉም ደስ ያለኝ አፍንጫዋ አካባቢ ፕላይውዱን ማጉበጥ ነው። አሮጌ ፎጣ እናነጥፍበታለን፣ የፈላ ውሃ በማንቆርቆሪያ ቀስ እያልን እናፈስበታለን፣ እንፋሎቱ ይነሳል፣ የእንጨቱ ሽታ ቤቱን ይሞላል። ትንሽ ቆይቶ ጣውላው ሲለዝብ እጅህ ላይ ይታወቅሃል። ያኔ በሞርሳ ጥቂት ታጠብቃለህ፣ ትጠብቃለህ፣ ደግሞ ጥቂት። ከቸኮልክበት ይሰነጠቃል። ጠርዞቹን ከኤሌክትሪክ ገመድ በወጣ የመዳብ ሽቦ ሰፋናቸው፣ ከውስጥ በኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው) ሞላናቸው፣ ሲደርቅ ሽቦው ወጣ። ዝናቡ ግን አስቸገረን። ጅማ ክረምቱ ረጅም መሆኑን ታውቃላችሁ፣ እርጥብ እንጨት ላይ ደግሞ ኢፖክሲ በደንብ አይዝም። ስለዚህ ጣውላው ቤት ውስጥ ከወለል ከፍ ብሎ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

የሞከርናት ጊልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ነው፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው፣ ከጊቤ ግድቦች የመጀመሪያው። ጅማን አቋርጦ የሚሄደው አዌቱም መጨረሻው ወደ ጊልገል ጊቤ ነው። ለቅርበት ሲባል ጅማ አጠገብ ያለው ቦዬ ረግረግ ላይ ሞክሩ ያሉኝ ነበሩ፣ ጉማሬ ያለበት ውሃ ላይ ግን ትንሽ ጀልባ አላወጣም፣ ግድቡም ላይ ቢሆን የት የት እንደሚታዩ መጀመሪያ አሳ አጥማጆቹን ጠይቀናል። መረባቸው የተዘረጋበትንና ከውሃው ሥር ጉቶ ያለበትንም አሳይተውናል። ሳትጠይቁ አትግቡ።

ሞተሩ ያገለገለ ባለ 8 ፈረስ ጉልበት ነው። እዚህ ሌላ ነገር አለ፦ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ያጣል። ግድቡም ሐዋሳም ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ 8 የተባለው ሞተር እኛ ጋ ሲመጣ 7 እንኳ አይሞላም። ውጭ አገር ባሕር ዳር የሚኖሩ ሰዎች የሚሰጡትን ቁጥር እንዳለ ብትወስዱ የማይገናኘው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የቤንዚኑን ጀሪካን ከኋላ አድርገን ሞከርን፣ አፍንጫዋ ተነስቶ ቀረ። ጀሪካኑን ወደ ፊት ወስደን አሰርነው፣ እኔም ተንበርክኬ ወደ መሃል ተጠጋሁ፣ የመሪውን እጀታ በቧንቧ አስረዝሜዋለሁ። ጋዝ ስሰጣት ተነሳች፣ ትንሽ አመነታች፣ ከዚያ ወረደች። ያ ታ ታ ታ መጣ! ጮህኩ፣ በእውነት ጮህኩ። አናጺው ዳር ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው ያጨበጭቡ ነበር። ስልኩ ላይ ያየሁት ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

አሁን የቀረው ፕሮፔለሩ ነው። ያለኝ ለከባድ የአሳ ማስገሪያ ጀልባ የተመረጠ ስለሆነ ቀላሏን ጀልባ ሲያገኝ ሞተሩ ከልክ በላይ ይዞራል፣ ሙሉ ጋዝ አልሰጠውም። ፒቹ (ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ፊት ሊሄድ የሚገባው ርቀት) አንድ ኢንች ሲጨምር የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይቀንሳል። ሁለት ኢንች ጨምር ያሉኝ አሉ፣ ለእኛ ከፍታ ግን አንድ ይበቃል ባይ ነኝ። ሐዋሳ፣ ባቱ ወይም አርባ ምንጭ ያላችሁ፣ ለባለ 8 ፈረስ ጉልበት የሚሆን ፒቹ 8 ተኩል ኢንች የሆነ ፕሮፔለር ካያችሁ ጻፉልኝ፣ ያገለገለም ቢሆን ችግር የለውም።

ቀጣዩ ሙከራ ክረምቱ ወጥቶ ግድቡ ሲሞላ ነው። መሞከር የሚፈልግ ሰው ይምጣ፣ ተራ እሰጣለሁ። የመንሳፈፊያ ጃኬት ያላደረገና የሞተር ማጥፊያውን ገመድ እጁ ላይ ያላሰረ ግን አይነዳም።