ሳንቲም ስሰውር ያጋለጠኝ ዐይኔ

ምትሃት ልማር ብዬ ከተነሳሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የፈጀሁት በማየት ብቻ ነው። ማታ ማታ ዩቲዩብ ከፍቼ የካርታውንም፣ የገመዱንም፣ የቀለበቱንም አያለሁ፤ «ይቺማ ቀላል ናት» እያልኩ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንድ ቅዳሜ ካፌ ውስጥ ለጓደኞቼ ካርታ ላሳይ ብድግ አልኩ። ስበውዘው ከእጄ አመለጠ፤ ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ማኪያቶ ላይ። አንዱ ጓደኛዬ «በል እንግዲህ፣ አሁን ማኪያቶዬን ከነካርታው ሰውርልኝ» አለ። ሳቁ እስኪበርድላቸው ወለል ላይ ተንበርክኬ ስለቅም ቆየሁ።

ካርታውን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ የአንድ ብር ሳንቲም ያዝኩ። አንድ ሳንቲም፣ አንድ ዘዴ። ሦስት ወር ሌላ ነገር አልነካሁም። ታክሲ ስጠብቅ፣ ወረፋ ስይዝ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ሥራ ላይ ነው።

ዘዴዋ «ፍሬንች ድሮፕ» ትባላለች፤ ጀማሪ ሁሉ የሚገባባት በር ናት። የግራ መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ሳንቲሟን በአውራ ጣቴና በሌሎቹ ጣቶቼ ጫፍ እይዛታለሁ። ቀኝ እጄ ሊወስዳት ይመጣል፤ አውራ ጣቱ ከሥሯ ይገባል፣ አራቱ ጣቶች ከፊቷ ይጋርዷታል። ይሄኔ ግራው ይለቃታል፣ እዚያው መዳፌ ላይ ጠብ ትላለች። ቀኙ ባዶውን ጨብጦ ይሄዳል። አለቀ።

እጄ በሁለት ሳምንት ለመደ። ሰባት ዓመት የሆነው የእህቴ ልጅ ግን አስር ጊዜ ባሳየው አስሩንም «በዚያኛው ነው» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ስጠይቀው «ያንን እጅህን ስታየው ነበራ!» አለ።

እውነቱን ነው። ዐይኔ ሳንቲሟ ያለችበትን ግራ እጄን ይጠብቅ ነበር። ግራ እጄም እንደ እንጨት ደርቆ ቀርቷል፤ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ስለዚህ ማታለሉን ትቼ መስተዋት ፊት ቆሜ ሳንቲሟን የእውነት መውሰድ ጀመርኩ፤ ሃምሳ ጊዜ፣ ስልሳ ጊዜ። ለካ ሳንቲም ያስረከበ እጅ ላላ ብሎ ወደ ጎን ይወርዳል። ለካ የተቀበለው እጅ ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም፤ ውስጡ ለሳንቲሟ የሚሆን ቦታ ይተዋል። ዐይንም የሚሄደው ከተቀባዩ ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ውሸቷን እውነቷን እስክትመስል ማለማመድ ብቻ ቀረኝ።

መስተዋት ግን አንድ ነገር ደብቆኛል። አንድ ቀን ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ራሴን ቀረጽኩና ሳየው፣ ሳንቲሟን በምለቅባት ቅጽበት ሁልጊዜ ዐይኔን ጭፍን አደርጋለሁ። እንደ ሌባ! መስተዋት ላይ እንዴት ይታየኝ? ተጨፍኖ የሚያይ የለ። አሁን ጀማሪ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው «ራስህን ቅረጽ» ነው።

ሌላው የቆየ ችግሬ አፌ ነበር። ልጅ ሆኜ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ሦስት ካርታ እያዘዋወሩ «ቀይዋ የት አለች?» የሚሉትን ቁማርተኞች ፈዝዤ አያቸው ነበርና፣ ያንን ፉከራ ሳላውቀው ወርሼዋለሁ። «ደህና አድርጋችሁ እዩ፣ ከቻላችሁ ያዙኝ!» ስል ቤቱ በሙሉ መርማሪ ፖሊስ ይሆናል። አሁን ምን እንደማደርግ ቀድሜ አልናገርም። ሳንቲሟን የማወጣው ስለ ታክሲ ረዳትና ስለ ዝርዝር እጦት እያወራሁ ነው። «ድገመው» ሲሉኝም እንቢ እላለሁ፤ ሁለተኛው ላይ የት እንደሚያዩ ያውቃሉ።

ያልጠበቅኩት ነገር የገጠመኝ ከጎንደር ለጥየቃ ከመጣችው አክስቴ ነው። ሳንቲሟ ጠፍታ ከነጠላዋ ጫፍ ስትወጣ አማተበችና «አንተ ልጅ፣ ከማን ነው የተማርከው?» አለች፤ ድምጿ ቀልድ አልነበረበትም። በእኛ ቤት ምትሃት ሲባል ከድግምትና ከመተት ጋር አብሮ ነው የሚነሳው። በ1584 እ.ኤ.አ. ሬጂናልድ ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ ጠንቋይ ተብለው ለሚከሰሱ ሰዎች ተከራክሮ መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ሳንቲምና ካርታ የሚሰወሩበትን ዘዴ ጭምር ገልጦ ያሳየው የእጅ ቅልጥፍና እንጂ ሰይጣን እንደሌለበት ለማስረዳት ነው። የምትሃት ሰዎች ምስጢር አይወጣም ይላሉ። እኔ ግን አክስቴ ስትፈራኝ ማየት አልቻልኩም፤ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በዝግታ አሳየኋት።

«እቺው ናት?» አለች ቅር ብሏት። ትንሽ ቆይታ ግን እጇን ዘረጋች፦ «እስቲ አምጣት።»

በሁለተኛው ቀን ቡና ሲፈላ ሳሎን ስገባ፣ የእህቴን ልጅ ፊቷ አቁማ ሳንቲሟን ይዛለች። ስትለቃት ዐይኗን ጭፍን አደረገች። ልጁ እኔን ቀና ብሎ አየኝና፣ ባዶውን እጇን ነክቶ «እዚህ ነው» አላት።