ግድብ ያለበት ወንዝ ላይ ዓሣ ልታጠኑ ከሆነ መጀመሪያ የበሩን ደብተር ጠይቁ

ይህን የምጽፈው ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ሥራዬ የነጭ ዓሣን መራቢያ መለካት ነበር። ቦታው ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች አንዱ ነው፤ ከላይ ተገድቧል። ጣና ውስጥ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ሌላ የትም አይገኙም። በርካቶቹ ክረምት ላይ ከሐይቁ ወጥተው ሽቅብ ወደ ወንዝ ይጓዛሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ ነው። ደለል ከሸፈነው እንቁላሉ ይታፈናል። ውሃው ከሸሸ ይደርቃል።

መለካቱ ራሱ ከባድ አይደለም። ገመድ ከዳር ዳር ትወጥራላችሁ፣ በየሜትሩ ጥልቀትና ፍጥነት ትይዛላችሁ፣ 100 ጠጠር ሳትመርጡ አንስታችሁ መጠኑን ትለካላችሁ፣ ኦክስጅንና ሙቀት ትመዘግባላችሁ። መመሪያው ፍጥነትን ከላይ ወደ ታች 60 በመቶው ጥልቀት ላይ ለኩ ይላል። ለወንዙ ጠቅላላ ፍሰት ልክ ነው። እንቁላሉ ግን ያለው ታች ነው። ስለዚህ ከጠጠሩ ትንሽ ከፍ ብላችሁም ለኩ። መረብ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አታሳድሩ፣ ማንም ምንም ቢል። በዚያ ወቅት የምትይዟቸው እንቁላል የተሸከሙ ናቸው። ለአጭር ጊዜ ዘርግታችሁ፣ ለክታችሁ፣ በሕይወት ልቀቋቸው።

እኔን ያቃጠለኝ የፍሰት መረጃው ነው። የትብብር ደብዳቤ ይዤ ግድቡን ወደሚያስተዳድረው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ። ደብዳቤው ለእኛ ሳይሆን ለበላይ መሥሪያ ቤት መጻፍ ነበረበት። እንደገና ተጻፈ፣ ማህተም ጎደለው ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓሣው ወንዝ ውስጥ ነው! የመራቢያው ወቅት ማህተም አይጠብቅም።

በመጨረሻ የሰጡኝ አንድ ወረቀት ነው፦ ወርሃዊ አማካይ። «የቀኑ የለም?» አልኩ። «አማካዩ በቂ ነው፣ ውሃው ብዙም አይለዋወጥም» አለኝ ባለሙያው። አይለዋወጥም! ጠዋት ጉልበቴ የደረሰው ውሃ ከሰዓት ቁርጭምጭሚቴ ጋ ወርዶ አይቻለሁ። ክረምት ግድቡ የሚሞላበት ጊዜ ነው፤ ውሃ የሚለቀቅበት የግድቡ በር ሲጠብብ ከታች ያለው ጠጠር ፀሐይ ላይ ይቀራል። አማካዩ ላይ ያ ቀን አይታይም። እንቁላሉ ግን የሚሞተው በዚያ ቀን ነው። ሰውዬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም፤ መዝገብ ማውጣት ስለሰለቸው ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያዳነኝ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሠራተኛ ነው። በር የነካበትን ቀንና ሰዓት ሁሉ በራሱ እጅ ደብተር ላይ ይጽፋል። ማንም ጠይቆት አያውቅም። ልኬቶቼን ከደብተሩ ጋር ሳስተያይ ግራ ያጋቡኝ ቁጥሮች በሙሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ያን ሥራ በማዳኑ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

እናንተ ግን በእሱ ብቻ አትተማመኑ። መራቢያው አጠገብ ፌሮ ትከሉ፣ በየአምስት ሴንቲ ሜትሩ ቀለም ቀቡት። በቅርብ የሚያርስ ገበሬ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አንብቦ እንዲመዘግብላችሁ ተስማሙ፣ ተገቢውን ክፈሉት። ለቢሮው ስትጽፉም «የፍሰት መረጃ» አትበሉ፤ አማካይ ሰጥተው ይሸኟችኋል። «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በሩ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀን፣ ሰዓትና መጠን» ብላችሁ ጻፉ። ደብዳቤውንም ሰኔ ሳይገባ አስገቡ፤ ግልባጩ በቀጥታ ለግድቡ ሳይት ይሁን።